የነሐሴ ደመወዝና የመርካቶ ገበያ ጉዞ

በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሠራተኛ በዓመቱ ውስጥ ኪሱ ይበልጥ የሚፈተንበት ወቅት የነሐሴ መጨረሻና የመስከረም ወር ነው። በነሐሴ መጨረሻ የሚከፈለው ደመወዝ፣ ለጳጉሜን ቀናት የተለየ ክፍያ ስለሌለ፣ እስከ መስከረም ማብቂያ ላሉት 35 ቀናት መብቃት ይኖርበታል። ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ ቀኑ 36 ይደርሳል። በእነዚሁ ቀናት ውስጥ የዘመን መለወጫ፣ የትምህርት ቤቶች መከፈትና የመስቀል በዓል ተከታትለው ይመጣሉ።

በዚህ ወቅት በርካታ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ወጪያቸውን ለማቃለል ፊታቸውን የሚያዞሩት በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ወደሚገኘው መርካቶ ነው። ይሁን እንጂ ወደ መርካቶ መሄድ ብቻውን ቁጠባ ሊሆን አይችልም። በተሳሳተ ቀንና ሰዓት፣ ያለ ዝርዝርና ያለ መነሻ ዋጋ የተደረገ ጉዞ በሰፈር ሱቅ ከሚከፈለው የበለጠ ገንዘብ ሊያስወጣ፣ ከዚያም አልፎ የሳምንቱን የዕረፍት ቀን ሙሉ በሙሉ ሊወስድ ይችላል።

ጉዞው ያዋጣ እንደሆነ አስቀድሞ ማስላት አስቸጋሪ አይደለም። ለአብነት ያህል አንድ ቤተሰብ አራት ደርዘን ደብተር መግዛት ቢፈልግና በሰፈሩ ሱቅና በመርካቶ መካከል በደርዘን የ60 ብር ልዩነት አለ ብንል፣ ጠቅላላ ትርፉ 240 ብር ይሆናል። ለደርሶ መልስ ታክሲ 80 ብር፣ ለተሸካሚ 60 ብር ቢወጣ በእጅ የሚቀረው 100 ብር ብቻ ነው። ዕቃው ከብዶ በመመለሻው ላይ የ400 ብር ኮንትራት ታክሲ መያዝ ግድ ከሆነ ግን ጠቅላላ ወጪው 500 ብር ይደርሳል፤ ገዢውም 260 ብር ከስሮ ይመለሳል። አሃዞቹ ለማሳያ የቀረቡ ሲሆኑ፣ ማንኛውም ሰው በራሱ ሰፈርና በዕለቱ ዋጋ ተክቶ ሊያሰላቸው ይችላል።

ከስሌቱ መረዳት እንደሚቻለው መርካቶ የሚያዋጣው በመጠን ለሚገዛ ወይም የተለያዩ ፍላጎቶችን በአንድ ጉዞ ለሚያጠቃልል ሰው ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የሚያገለግሉ ሦስትና አራት ባልደረቦች ዝርዝራቸውን አንድ ላይ አድርገው በጅምላ ቢገዙና የመመለሻውን ታክሲ ቢካፈሉ፣ ከላይ የተጠቀሰው ኪሳራ ወደ ቁጠባ ይለወጣል። በዕቁብና በዕድር ተደራጅቶ መኖር ለለመደ ኅብረተሰብ ይህ አዲስ ነገር አይሆንም። በመርካቶ ያሉ የጅምላ ሱቆች ጥቅል ፈትተው መሸጥ ስለማይወዱ፣ በጋራ የሚገዙ ሰዎች ዋጋ ከማግኘታቸውም በላይ የተሻለ መስተንግዶ ያገኛሉ።

ዝርዝሩ ከመዘጋጀቱ በፊት ደግሞ የማያስፈልገውን መለየት ተገቢ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ተማሪዎች የደንብ ልብስና የትምህርት ቁሳቁስ በማቅረብ ላይ በመሆኑ፣ ልጆቻቸውን በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ ወላጆች ትምህርት ቤቱ ምን እንደሚሰጥ ሳያረጋግጡ ደብተር መግዛት አይኖርባቸውም። ጤፍ፣ ዘይት፣ ሽንኩርትና የመሳሰሉትም ቢሆኑ በአቅራቢያ ባሉ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ወይም በቅርብ ዓመታት በየክፍለ ከተማው በተስፋፉት የእሑድ ገበያዎች ሊገኙ ይችላሉ። ለእነዚህ ሲባል መርካቶ መውረድ የሚያስፈልገው በአቅራቢያ ሲጠፉ ወይም በኩንታል ሲፈለጉ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሳው የቀንና የሰዓት ጉዳይ ነው። ቅዳሜ የመርካቶ ዋነኛ የገበያ ቀን ነው። የቅዳሜ ገበያ ልማድ ከመርካቶ መመሥረት በፊት በአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ አካባቢ ይቆም ከነበረው ገበያ የተወረሰ ሲሆን፣ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ሕዝብ የሚበዛውም በዚሁ ዕለት ነው። አብዛኛው የመንግሥት ሠራተኛ ከሰኞ እስከ ዓርብ በሥራ ላይ ስለሚሆን ከቅዳሜ ሌላ ምርጫ እንደሌለው ያስባል። እሑድ አብዛኞቹ ሱቆች ዝግ ናቸው።

ቅዳሜን መጠቀም ግድ በሚሆንበት ጊዜ ልዩነት የሚያመጣው ሰዓቱ ነው። ሱቆች በሚከፈቱበት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ የደረሰ ገዢ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ሊያከናውን የሚችለውን ግዢ፣ 5 ሰዓት ላይ የደረሰ ሰው በእጥፍ ጊዜ እንኳ አይጨርሰውም። የመተላለፊያ መንገዶቹ በሰው፣ በጋሪና ዕቃ በሚያራግፉ ተሽከርካሪዎች ይዘጋሉ። በማለዳ መድረስ ሌላም ጥቅም አለው። በርካታ ነጋዴዎች የዕለቱን የመጀመሪያ ገዢ እንደ ገደኛ ስለሚቆጥሩት፣ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ከዋጋ ላይ ቀነስ ማድረግን ይመርጣሉ።

ስለ ዓርብም አንድ ነገር መጥቀስ ያስፈልጋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዓርብ የምሳ ዕረፍት ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል በመሆኑ፣ ሁለቱን ሰዓት ተጠቅሞ መርካቶ ደርሶ መመለስ የሚቻል የሚመስላቸው ሠራተኞች ጥቂት አይደሉም። ነገር ግን ይህ ዕረፍት የተራዘመው ለጁምዓ ሶላት ሲሆን፣ በዚያው ሰዓት በታላቁ አንዋር መስጊድ ዙሪያ ያሉ መንገዶች በምዕመናን ይሞላሉ፤ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆችም ይዘጋሉ። በከተማዋ ትልቁ ገበያ ለመገበያየት ከዚህ የማይመች ሰዓት ለማግኘት ያዳግታል። ከዓመት ፈቃዱ ግማሽ ቀን ቀንሶ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት የሚሄድ ሠራተኛ ያለ ግርግር ይገበያያል፤ ያለ ፈቃድ ከሥራ ሰዓት ላይ ተሰርቆ የሚደረገው ጉዞ ግን በዚህ ጽሑፍ እንደ አማራጭ የሚታይ አይደለም።

ወቅትን በተመለከተ የትምህርት ቁሳቁስ በሐምሌ፣ ቢዘገይ በነሐሴ የመጀመሪያ ሳምንት ቢገዛ ይመረጣል። በጳጉሜን ቀናት የበዓልና የትምህርት ገበያ አንድ ላይ ስለሚደራረብ የመደራደር ዕድሉ ይጠባል። በሐምሌ ሲኬድ ዝናብ መኖሩ አይቀርም፤ ደብተርና ልብስ የሚጠቀለልበት ላስቲክ ይዞ መሄድ ይገባል። ጤፍ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ በርበሬም ከጥቅምት በኋላ አዲሱ ምርት ወደ ገበያ ስለሚገባ፣ በመጠን የሚገዙ ቤተሰቦች እነዚህን ከመስከረም ወጪ ጋር ባያደራርቡ ይጠቀማሉ።

መርካቶ ለእንግዳ ሰው የተዘበራረቀ ቢመስልም በራሱ ሥርዓት የተደራጀ ገበያ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የአራዳው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ሲደረግ የተመሠረተ ሲሆን፣ ስያሜውም በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው። ከዚያን ጊዜ አንስቶ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች በአንድ አካባቢ እየተሰባሰቡ «ተራ» እና «በረንዳ» የሚባሉትን ክፍሎች ፈጥረዋል። ሸማ ተራ፣ ድር ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ሸራ ተራ፣ ጆንያ ተራ፣ ሚሊተሪ ተራ፣ ዱባይ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ እህል በረንዳ እያለ ይቀጥላል። ምናለሽ ተራ ያገለገሉ ጣሳዎች፣ ጠርሙሶች፣ ብረታ ብረቶችና ሌሎች የተጣሉ ዕቃዎች እንደገና ዋጋ የሚያገኙበት ሥፍራ ነው። ሌላ ቦታ የጠፋ መለዋወጫ ወይም የድስት ክዳን እዚያ ሊገኝ ይችላል።

የግዢ ዝርዝርን በተራ መከፋፈል የጉዞው ዋነኛ ሥራ ነው። ብዙ ሰው ዝርዝሩን የሚጽፈው ዕቃዎቹ ትዝ እንዳሉት በመሆኑ፣ ደብተር፣ በርበሬ፣ ጫማ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት እያለ ሲወርድ ገበያውን ከዳር እስከ ዳር ሁለት ሦስት ጊዜ ለመመላለስ ይገደዳል። ዕቃዎቹ በየተራቸው ሲመደቡ ግን አሥር ዕቃ የያዘ ዝርዝር ወደ ሦስት ወይም አራት መቆሚያዎች ይወርዳል። ከየዕቃው ጎን ሦስት ነገሮች ቢጻፉ ይበቃሉ፤ መጠኑ፣ በሰፈር የሚሸጥበት ዋጋና ገዢው ሊከፍል የፈቀደው ከፍተኛ ዋጋ። የሰፈሩን ዋጋ ሳያውቅ መርካቶ የገባ ሰው የተነገረው ዋጋ ርካሽ ይሁን ውድ የሚለይበት መሠረት አይኖረውም። ለልጆች ጫማና ልብስ የሚሄዱ ወላጆች ልጆቹን በግርግሩ መሀል ከማንከራተት ይልቅ የእግራቸውን ልክ በገመድ ወይም በወረቀት ወስደው መሄድ ይችላሉ።

መቆሚያዎቹ ከታወቁ በኋላ መግቢያና መውጫው ይወሰናል። በገቡበት መመለስ ጊዜ ያባክናል። ከተክለ ሃይማኖት በኩል የገባ ሰው ግዢውን እየፈጸመ ወደ አውቶቡስ ተራ ወይም ወደ ሰባተኛ አቅጣጫ ቢወጣ መንገዱ አይደገምበትም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የቀላል ባቡር የሰሜን ደቡብ መስመር በአውቶቡስ ተራ፣ በሰባተኛና በአብነት ጣቢያዎች የገበያውን ዳር ይዞ ስለሚያልፍ፣ በቃሊቲ፣ በሳሪስና በሜክሲኮ አካባቢ ለሚኖሩ ለመሄጃ ያመቻል። ዕቃ ይዞ በተጨናነቀ ባቡር መመለስ ግን ከባድ ነው። የግል መኪና ይዞ ወደ ገበያው መሀል መግባት አይመከርም፤ የሚቆምበት ቦታ ፍለጋ ብቻውን አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል።

የአቅጣጫ ምልክት በማድረግ ረገድ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና አንዋር መስጊድ ተቀራርበው የሚገኙ በመሆናቸው ለመቀጣጠርም ሆነ መንገድ ለማስተካከል ያገለግላሉ። አብረው የሄዱ ሰዎች ቢለያዩ የሚገናኙበትን ቦታ ከመግባታቸው በፊት መስማማት ይኖርባቸዋል።

የቀድሞ ዕውቀትን ብቻ ተማምኖ መሄድ የሚያስከትለው ድካምም አለ። ፒያሳ አጠገብ የነበረው አትክልት ተራ በኮቪድ 19 ወረርሽኝ ምክንያት በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃንሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ መዛወሩ ይታወቃል። በመርካቶ ሸማ ተራ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የደረሰው የእሳት ቃጠሎ በርካታ ሱቆችን ያወደመ ሲሆን፣ በአካባቢው ይነግዱ የነበሩ ነጋዴዎች ሌላ ቦታ ለመፈለግ ተገደዋል። በመሆኑም ለዓመታት የሚያውቁት ደንበኛ ያላቸው ገዢዎች ከመነሳታቸው በፊት ስልክ ደውለው ያለበትን ቢያረጋግጡ ይበጃል። ሁሉም ነገር በመርካቶ ይገኛል ብሎ ማሰብም ትክክል አይደለም። የሀገር ባህል ልብስ ለሚፈልግ ሽሮ ሜዳ፣ በምሥራቁ የከተማዋ ክፍል ለሚኖርና እህል፣ ቅቤና ዶሮ ለሚገዛ ሾላ ገበያ የተሻለ ምርጫ ሊሆኑ ይችላሉ።

ገበያው ውስጥ ከተገባ በኋላ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው በዝርዝሩ ውስጥ ውድ የሆነው ዕቃ ነው። አእምሮ ሳይደክምና ገንዘቡ ሳይሸራረፍ ዋናውን ግዢ መጨረስ ይገባል። ቀጥሎ ቀላል ዕቃዎች፣ በመጨረሻም በመውጫው አቅራቢያ ከባድ ዕቃዎች ይገዛሉ። አንድ ኩንታል ጤፍ ገዝቶ ጫማ ፍለጋ የሚዞር ሰው የተሸካሚውን ጊዜ ጭምር ይከፍላል።

በአንድ ተራ ውስጥ ሱቆቹ ጎን ለጎን ስለሆኑ ሦስት ቦታ ዋጋ መጠየቅ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ከሦስት በላይ መዞር አልፎ አልፎ ካልሆነ በስተቀር ድካሙን የሚያካክስ ቅናሽ አያስገኝም። ከታክሲ መውረጃው ጀምሮ እየተከተለ «ምን ልርዳዎት?» የሚል ደላላ የሚያገኘው ክፍያ በመጨረሻ ከገዢው ዋጋ ላይ የሚታሰብ ስለሆነ፣ ተራውን የሚያውቅ ሰው ብቻውን ቢገባ ይመረጣል። ዋጋ ተከራክሮ ሳይገዙ መውጣት ያሳፍራል የሚሉ አሉ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ የዕቃውን ጥራት ስላየ፣ ስላማረጠ ወይም ዋጋ ስለተደራደረ ብቻ እንዲገዛ እንደማይገደድ፣ ከስድብና ከማስፈራራትም የመጠበቅ መብት እንዳለው ደንግጓል።

የጥራት ፍተሻ እንደ ዕቃው ዓይነት ይለያያል። ጤፍ ሲገዛ ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን እጅን ወደ ውስጥ ሰድዶ ማየት፣ በመዳፍ ላይ አሸት አድርጎ አሸዋና እብቅ መኖር አለመኖሩን መመልከት ያስፈልጋል። ማኛ ተብሎ በሚጠራው ጤፍና በተራው ነጭ ጤፍ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ከፍተኛ በመሆኑ፣ የማያውቅ ሰው የሚያውቅ ይዞ ቢሄድ ይሻላል። በርበሬ በዛላው ቢገዛ ከባዕድ ነገር ጋር ተደባልቆ ከተፈጨ ዱቄት ያድናል። ቅቤም እንዲሁ ጠርጠር ተደርጎ የሚገዛ ዕቃ ሲሆን፣ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመሀሉ ወጥቶ መቅመስና ማሽተት የተለመደ ነው። አንዳንድ ነጋዴዎች ዋጋ የሚናገሩት በፈረሱላ ስለሆነ፣ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም ገደማ መሆኑን ይዞ ወደ ኪሎ መመለስ ያስፈልጋል። ሚዛን ላይ ዕቃው ከመቀመጡ በፊት ቁጥሩ ዜሮ ላይ መሆኑን ማየት የሚያስቀይም ነገር የለውም።

የደረሰኝ ጉዳይ ለመንግሥት ሠራተኛ በተለይ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ሻጭ ታክሱ በሚመለከታቸው ዕቃዎች ላይ 15 በመቶ የሚያስከፍል በመሆኑ፣ ድርድሩ ሲጀመር የተነገረው ዋጋ ታክሱን ያካተተ መሆኑን መጠየቅ በመጨረሻ የሚነሳውን ክርክር ያስቀራል። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እንቀንስልሃለን» የሚለው ግብዣ ለጊዜው ማራኪ ቢሆንም፣ ገዢው ዕቃው ቢበላሽበት የሚያቀርበው ማስረጃ አይኖረውም። ግብር አለመክፈሉም በመጨረሻ የሚጎዳው ደመወዙ ከዚያው ካዝና የሚወጣለትን ሠራተኛ ጭምር ነው። በኅዳር 2017 ዓ.ም. በመርካቶ የደረሰኝ ቁጥጥር በተጠናከረበት ወቅት በርካታ ሱቆች ተዘግተው እንደነበር ይታወሳል። ለመሥሪያ ቤት ጥቃቅን ዕቃ ለመግዛት የተላከ ሠራተኛ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ጽፎ ይዞ መሄድ ይኖርበታል፤ ይህን የረሳ ሰው ሒሳብ ሲያወራርድ እንደገና መመላለሱ አይቀርም።

ክፍያን በተመለከተ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብርና የባንኮች የሞባይል አገልግሎቶች ብዙ ጥሬ ገንዘብ ይዞ የመዞርን ሥጋት ቀንሰዋል። ከመላክ በፊት በስልኩ ላይ የሚታየው የተቀባይ ስም ከሻጩ ጋር አንድ መሆኑን ማረጋገጥና ሻጩ መልእክቱ እስኪደርሰው መጠበቅ ያስፈልጋል። ለታክሲ፣ ለተሸካሚና ለትናንሽ ግዢ የሚሆን ዝርዝር ብር ከዋናው ገንዘብ ተለይቶ በሌላ ኪስ ቢያዝ፣ በሰው መሀል ቦርሳ መክፈት አያስፈልግም። ኪስ አውላቂዎች የሚጠብቁት ይህችኑ አጋጣሚ ነው። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ለአንድ ጊዜ አገልግሎት የሚውል ፌስታልን ስለሚከለክል፣ ዘንቢል ወይም ጠንካራ ከረጢት ከቤት ይዞ መውጣት ግድ ሆኗል።

ከተሸካሚ ጋር ዋጋ መነጋገር የሚገባው ዕቃው ከመሬት ከመነሳቱ በፊት ነው። የሚደርስበት ቦታ በግልጽ መጠቀስ አለበት፤ «እስከ ታክሲው» የሚለው አነጋገር በገበያው በዚህኛው ወይም በዚያኛው ዳር ያለ ታክሲ ሊሆን ስለሚችል ለጭቅጭቅ በር ይከፍታል። ገዢው ከኋላ ሳይሆን ከተሸካሚው እኩል መራመድ ይኖርበታል።

ቤት ሲደረስ ዕቃው በዚያው ዕለት ቢፈተሽ መልካም ነው። ደብተር ይቆጠራል፣ ጫማ ይለካል፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ዕቃ ይሞከራል። ከላይ የተጠቀሰው አዋጅ ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ሸማቹ በገዛ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። የበዓል ዕቃ ተብሎ በካርቶን እንደታሸገ ከተቀመጠ 15ቱ ቀናት ሳይታወቁ ያልፋሉ። ደረሰኙ በዝርዝሩ ወረቀት ላይ ተያይዞ ቢቀመጥ፣ ዕቃ ለማስለወጥም ሆነ ለሚቀጥለው ዓመት የነሐሴ ግዢ መነሻ ዋጋ ለማግኘት ያገለግላል።